ያመሰገነው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ልጁ?

ስለ ዲጂታል መብትና ግዴታ ሲወራ ብዙ ሰው ፊት ላይ ድቅን የሚለው ማንም ሳያነበው «እስማማለሁ» ብሎ የሚያልፈው ረጅም የውል ጽሑፍ ነው። ነገሩን በተግባር ማየት ለሚፈልግ ሰው ግን ከሁሉ የሚሻለው ቦታ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ጭምር የሚውሉበት ስክራች ነው። ወዳጆቼ፣ ስክራችን የማታውቁ ካላችሁ ዛሬ ላስተዋውቃችሁ። የምታውቁትም ብትሆኑ አብራችሁኝ ቆዩ፤ እዚያ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፣ ስለ መብትና ግዴታ ከብዙ ደንብ ይልቅ እሷ ታስረዳለች።

ስክራች ልጆች የኮምፒውተር ፕሮግራም መሥራት የሚማሩበት ነጻ መሣሪያ ነው። የሠራው በአሜሪካው የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ፣ ሚዲያ ላብ በሚባለው ክፍል ውስጥ ሚቸል ሬዝኒክ የሚመራው የተመራማሪዎች ቡድን ሲሆን ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኮዱ በፊደል አይጻፍም፤ ባለቀለም ቁርጥራጮች በማውዝ እየተጎተቱ አንዱ ከሌላው ሥር ይገጠማል። 10 እርምጃ እንድትሄድ የሚያዘውን ቁራጭ፣ ደጋግሞ በሚያሠራው ቁራጭ ሆድ ውስጥ ስትከቱት ብርቱካናማዋ ድመት ስክሪኑን አቋርጣ ትሄዳለች። በዚህ ዓይነት ጨዋታም፣ ካርቱንም፣ ተረትም፣ የሒሳብ መለማመጃም፣ ልጁ ያሰበው ሁሉ ይሠራል። ቁርጥራጮቹን በአማርኛ ማንበብም ይቻላል፤ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛን መምረጥ ብቻ ነው። ዛሬ የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች ከ100 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ሬዝኒክና ባልደረቦቹ ልጅ የሚማረው ሌሎች የሠሩትን እያየ፣ እሱም የሠራውን እያሳየ ሲሆን ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ መሣሪያውና ልጆቹ ሥራቸውን የሚያሳዩበት የኦንላይን መገናኛ አብረው ተወለዱ። ልጁ ጨዋታውን ሠርቶ ሲጨርስ ሼር ያደርገዋል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሥራው የራሱ ገጽ ይኖረዋል። እስቲ ገጹን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በግራ በኩል ጨዋታው ራሱ አለ። ከላይ ሁለት ቁልፎች ይታያሉ፤ አንዱ ውስጡን ለማየት፣ አረንጓዴው ሪሚክስ ለማድረግ ነው። በቀኝ በኩል ሁለት ሳጥኖች ተደራርበዋል። የላይኛው ጨዋታውን እንዴት እንደሚጫወቱት የሚጻፍበት ነው። የታችኛው ባዶውን ሆኖ ባለቤቱን ይጠይቃል፦ ይህን እንዴት ሠራኸው? የሌሎችን ሐሳብ፣ ኮድ ወይም ሥዕል ተጠቅመሃል? እንግዲያው እዚህ ላይ አመስግናቸው ይላል። ያልኳችሁ ሳጥን ይህች ናት።

ውስጡን የሚያሳየውን ቁልፍ ስትጫኑ የጨዋታው ሆድ ዕቃ በሙሉ ይዘረገፋል። የተቆለፈ ነገር የለም፤ ድመቷ ለምን እንደምትዘል፣ ነጥቡ እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሁሉም ፊት ለፊት ነው። አረንጓዴውን ስትጫኑ ደግሞ ሥራው ከነሥዕሉ፣ ከነድምፁ፣ ከነኮዱ ወደ እናንተ ይገለበጣል። ድመቷን አውጥታችሁ አንበሳ ብታስገቡ፣ ጨዋታውን ብታከብዱት፣ መጨረሻውን ብትለውጡት፣ በስማችሁ መልሳችሁ ሼር ብታደርጉት ማንም አይከለክላችሁም። ባለቤቱን ማስፈቀድ አይጠበቅባችሁም።

ይህ እንዴት ሆነ? ስክራች ላይ ሥራውን ሼር የሚያደርግ ሁሉ ሥራውን በአንድ የክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ሥር እንደሚሰጥ ይስማማል። ክሬቲቭ ኮመንስ እ.ኤ.አ. በ2001 የተቋቋመ ድርጅት ነው፤ ከመሥራቾቹ መካከል የሕግ ምሁሩ ሎረንስ ሌሲግና የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ሃል አቤልሰን ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ፈቃዶች የወጡት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 ነው። የፈቱት ችግር እንዲህ ያለ ነበር፦ በአብዛኛው ዓለም ሕግ አንድ ሰው የሠራው ነገር ገና ሲሠራ ጀምሮ ይጠበቃል፤ ምንም ባይጽፍበት፣ ባያስመዘግበውም። ጥሩ ነው። ነገር ግን «ውሰዱት፣ ተጠቀሙበት» ለማለት የሚፈልግ ለጋስ ሰው በእጁ ዝግጁ የሆነ ወረቀት አልነበረውም። ክሬቲቭ ኮመንስ ያን ወረቀት አዘጋጀለት። ስክራች የመረጠው ፈቃድ ሁለት ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ከማን እንደወሰድክ ተናገር። ሁለተኛ፣ ከዚያ ላይ የሠራኸውን አንተም በዚያው ፈቃድ ለሌላው ክፈት።

ይህችን ሁለተኛዋን ነገር በጣም እወዳታለሁ። የመውሰድ መብታችሁ የመጣው ከእናንተ በፊት የነበረ ልጅ በሩን ክፍት ስለተወላችሁ ነው፤ ወስዳችሁ በሩን ልትዘጉ አትችሉም። መብቱና ግዴታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተጋብተዋል፤ አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል አይቻልም።

የሚከብድ ነገርም አለው። «የኔን ማንም እንዳይነካብኝ» ብሎ መጻፍ እዚያ አይሠራም። የስክራች ቡድን ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፦ ሥራህ ሪሚክስ እንዲደረግ ካልፈለግህ ለራስህ ሥራው፣ ግን ሼር አታድርገው። የተለወጠው ነገር ትንሽ ቢሆንም እንኳ ለባለቤቱ ምስጋና እስከተሰጠ ድረስ ሪሚክሱ ትክክለኛ ነው ይላሉ። ፈቃዱ ደግሞ አንዴ ከተሰጠ አይመለስም፤ ልጁ ነገ ተጸጽቶ የራሱን ሥራ ቢያወርድ ሌሎች ከዚያ ላይ የሠሩት ባለበት ይቀራል። ለአሥር ዓመት ልጅ ይህ ከባድ ውል ነው። ያም ሆኖ ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ልጁ ሼር የሚለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ በቀላል ቋንቋ ሊያስረዳው ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ያ ሰው ነው።

እንግዲህ እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ፈቃዱ አለ፣ ደንቡ ግልጽ ነው፣ ሁሉም ተስማምቷል። ልጆቹ ግን ይቆጡ ነበር። «ሥራዬን ሰረቀኝ» የሚል አቤቱታ ለስክራች ሰዎች በተደጋጋሚ ይደርሳቸው ነበር። አስቡት፤ አንዲት ልጅ ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ተቀምጣ የዘንዶ ሥዕል እያንዳንዱን እግሩን ሳይቀር ሠርታ ጨዋታ ውስጥ አስገብታለች። ማክሰኞ ስትከፍተው ዘንዶው ቀለሙ ብቻ ተቀይሮ በሌላ ልጅ ስም ቁጭ ብሏል፤ አድናቆቱም ለሱ ይጎርፍለታል። ሕጉ ምንም አልተጣሰም። ልጅቷ ግን ተዘርፋለች፤ ቢያንስ እሷ የሚሰማት እንደዚያ ነው።

በዚያን ጊዜ የመገናኛውን ክፍል የሠራው አንድሬስ ሞንሮይ-ኤርናንዴዝ የሚባል የኤምአይቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። እሱና ባልደረቦቹ ምክንያታዊ የሚመስል መፍትሔ አመጡ። ሪሚክስ በተደረገ ቁጥር ሲስተሙ ራሱ ከሥሩ የመጀመሪያውን ባለቤት ስም እንዲጽፍና ወደ ዋናው ሥራ የሚወስድ ሊንክ እንዲያኖር አደረጉ። ከእንግዲህ የሚረሳ የለም፣ ሆን ብሎ የሚደብቅም የለም። ስሙ ሁልጊዜ አለ። ሪሚክስ መደረግን እንደ ክብር እንዲያዩትም ማኅበረሰቡ በብዛት ሪሚክስ የሚያደርጋቸው ሥራዎች ፊት ለፊት በመግቢያው ላይ እንዲታዩ ተደረገ።

ታዲያ ችግሩ ተፈታ? ይህን ለማወቅ ሞንሮይ-ኤርናንዴዝ ከቤንጃሚን ማኮ ሂል፣ ከጃዝሚን ጎንዛሌዝ-ሪቬሮና ከዳና ቦይድ ጋር ሆኖ ጥናት አደረገ፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። አንደኛው ክፍል ቁጥር ነው፦ ሲስተሙ ስም መጻፍ ሲጀምር ሥራቸው የተወሰደባቸው ልጆች የሚሰጡት ምላሽ ተለውጦ እንደሆነ አዩ። ከዚያ ጎን ለጎን ሪሚክስ ያደረገው ልጅ በገዛ እጁ ምስጋና ሲጽፍ ምላሹ ምን እንደሚመስል መረመሩ። ሁለተኛው ክፍል ቃለ መጠይቅ ነው፤ 12 የስክራች ተጠቃሚዎችን አስቀምጠው ስለ መውሰድና ስለ መመስገን ረጅም ውይይት አደረጉ።

ሁለቱም መንገድ ወደ አንድ መልስ አመጣቸው። ሲስተሙ የጻፈው ስምና ሰው የጻፈው ስም አንድ አይደሉም። ፊደሉ አንድ ነው፣ የሚሰጡት መረጃም አንድ ነው፤ ለልጆቹ ግን ሰው ሲጽፈው የበለጠ ዋጋ አለው። የጥናቱ ርዕስ ራሱ ኮምፒውተር ምስጋና መስጠት አይችልም ይላል።

ለምን እንደዚያ ሆነ? ሲስተሙ የሚጽፈው ስም ወሳጁ አስተዋለም አላስተዋለም ይመጣል። ባለሥዕሏ ልጅ ከዚያ ስም ውስጥ ልታነብ የምትችለው «አንድ ሰው ቁልፍ ተጫነ» የሚለውን ብቻ ነው። ያቺ ባዶ ሳጥን ውስጥ «ዘንዶውን የሳለችው እሷ ናት፣ ክንፉ ሲንቀሳቀስ በጣም ስለወደድኩት ነው የወሰድኩት» ተብሎ ሲጻፍ ግን ድካሟን ያየ ሰው እንዳለ ታውቃለች። ለቅሶ ቤት ሰው ልኮ «አጽናኑልኝ» ማለትና ራስ ሄዶ መቀመጥ እንደሚለያየው ማለት ነው። በነገራችን ላይ አሁን ሲስተሙ ከሪሚክሱ ጋር ለዋናው ሥራ ባለቤት ምስጋና የሚያቀርብ ቃል ጭምር ይጽፋል። ሳጥኗን ግን አልሞሏትም፤ ባዶዋን ተዋት። እኔ በስክራች ውስጥ ካለው ሁሉ በጣም የማደንቀው ይህን ውሳኔ ነው። ሊሞሏት ይችሉ ነበር።

የኛ አገር የብራና መጻሕፍትን አገላብጦ ያየ ሰው ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። መጽሐፍ የሚባዛው በመገልበጥ በነበረበት ዘመን መገልበጥን ስርቆት ያለው የለም፤ ዕውቀት የሚተላለፈው በዚያ ነበርና። ነገር ግን በብዙዎቹ ብራናዎች ላይ የጻፈው ሰውና ያስጻፈው ሰው ስማቸው ሰፍሮ ይገኛል፣ አንባቢው በጸሎት እንዲያስባቸውም ይለመናል። ያን ስም በእጁ የጻፈው ሰው ነበረ።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ መገልበጥን ጭራሽ መከልከል አይሻልም ወይ?» የምትሉኝ አትጠፉም፤ በተለይ መምህራን የሆናችሁ። አይሻልም፤ ማስረጃም አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሳያሚንዱ ዳስጉፕታ ከዊልያም ሄል፣ ከሞንሮይ-ኤርናንዴዝና ከሂል ጋር በስክራች መረጃ ላይ የሠራው ሌላ ጥናት አለ። የሌሎችን ሥራ በብዛት ሪሚክስ የሚያደርጉ ልጆች የሚያውቋቸው የትእዛዝ ዓይነቶች ይበዛሉ። በሪሚክስ ውስጥ አንድ አዲስ የፕሮግራም ጽንሰ ሐሳብ ያጋጠመው ልጅ በኋላ በራሱ ሥራ ውስጥ ያንኑ የመጠቀም ዕድሉ ይጨምራል። ገልብጦ፣ ፈቶ፣ ነካክቶ፣ አበላሽቶ፣ መልሶ ገጥሞ ይማራል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ኩረጃ የምንለው ነገር ከዚህ የሚለየው ምንጩን በመደበቁ ነው። ኩረጃ ከማን እንደመጣ እንዲታወቅ አይፈልግም። ሪሚክስ ከማን እንደመጣ ሳይናገር አይጀምርም። መምህሩ የቤት ሥራ ሲሰጥ «ከጓደኛችሁ ብትወስዱ የማን እንደሆነና እናንተ ምን እንደጨመራችሁ ጻፉ» ቢል ብዙ ነገር ይቀየራል ብዬ አምናለሁ።

ለሐቅ ያህል ሌላውንም ልንገራችሁ። ሂልና ሞንሮይ-ኤርናንዴዝ ከዚያ ቀደም ባደረጉት ጥናት፣ ሰው ሪሚክስ እንዲያደርጋቸው የሚጋብዙ ሥራዎች የሚወልዷቸው ሪሚክሶች ብዙም አዲስ ነገር የሌላቸው ሆነው ተገኝተዋል። ብዛትና አዲስነት አብረው አልሄዱም። ይህ በሪሚክስ መማር ይቻላል ያልኩትን አያፈርሰውም፤ ቀለም ብቻ ቀይሮ መመለስ ግን ሪሚክስ ቢባልም ብዙ የሚያስተምር አይመስለኝም።

እስካሁን ስለ ስም መጥራት ነው ያወራነው። አሁን ወደ ሌላኛው ጎን እንዙር፤ ስም ስለ መደበቅ። ስክራች ላይ ልጆች በትክክለኛ ስማቸው አይመዘገቡም፤ ራሳቸው በመረጡት መጠሪያ ነው የሚታወቁት። በግል መልእክት መለዋወጥ የሚባል ነገር የለም፤ የሚባለው ሁሉ በአደባባይ ነው የሚባለው። ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አይጻፍም። አንድ የማይገባ ነገር ያየ ልጅ ራሱ መልስ ከመስጠት ይልቅ ሪፖርት ማድረጊያውን ይጫናል። አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን መረጃ መሰብሰብን የሚቆጣጠረው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1998 ወጥቶ በ2000 ሥራ ላይ ስለዋለ፣ ለልጆች የሚሠሩ የንግድ ድረ ገጾች በአጠቃላይ የልጅን መረጃ ከመሰብሰባቸው በፊት ወላጅን ማሳወቅና ማስፈቀድ አለባቸው።

ልጁ ትክክለኛ ስሙን ደብቆ ምስጋናውን ግን ሙሉ በሙሉ ያገኛል። «ዘንዶውን የሳለችው እሷ ናት» ሲባል እሷ ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር ማንም አያውቅም፤ ክብሩ ግን ደርሷታል። ስም የመጠራትና ስም የመደበቅ መብት የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። የኛው አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለቱን በአንድ አንቀጽ አስቀምጧቸዋል። አንቀጽ 8 ላይ ሥራ አመንጪው የሥራው ባለቤት ተብሎ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት አለው፤ ከፈለገም ስሙ ሳይገለጽ የመቆየት ወይም በብዕር ስም የመጠቀም መብት አለው። ምርጫው የሱ ነው።

አዋጁን ካነሳሁ ዘንድ ወደ ቴሌግራም እንምጣ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ካላችሁ ወይም ከሆናችሁ የምለውን ታውቁታላችሁ። ኢትዮጵያ ውስጥ ብዙ ተማሪ ቴሌግራም ላይ ባሉ የጥናት ግሩፖችና ቻናሎች ይማራል። ማስታወሻ፣ ወርክሺት፣ ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች፣ በስልክ የተነሳ የደብተር ገጽ፣ የመምህር ድምፅ፣ ሁሉም በፒዲኤፍና በፎቶ ይዘዋወራል። መልካም ነገር ነው፤ መጽሐፍ ላልደረሰው ተማሪ ትልቅ ደጅ ከፍቷል።

አሁን አንዱን ፒዲኤፍ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከላይ፣ ያዘጋጀው መምህር ስምና የትምህርት ቤቱ ስም የነበረበት ቦታ ተቆርጧል። በገጹ መካከል የአንድ ቻናል መጠሪያ በሰያፍ ታትሟል። ከሥር ደግሞ የሌላ ቻናል ሊንክ አለ፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ቻናል የወሰደው ነው። ሦስት እጅ አልፏል፣ የመጀመሪያው እጅ ግን የለም። ቴሌግራምም እንደ ስክራች ሲስተም በራሱ ስም የመጻፍ ዘዴ አለው፤ አንድ መልእክት ፎርዋርድ ሲደረግ ከየት እንደመጣ ከላይ ይጽፋል። ግን ፎርዋርድ የሚያደርገው ሰው የላኪውን ስም ደብቆ መላክ ይችላል። ፋይሉን አውርዶ እንደገና ከጫነው ደግሞ ምንም ዱካ አይቀርም። ስለዚህ በሲስተሙ መተማመን ስክራች ላይ ካልበቃ ቴሌግራም ላይ ጭራሽ አይበቃም።

ሕጉ እዚህ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ለተማሪ ደግ ነው። ሐሳብ፣ ቀመር፣ ዘዴ፣ የተገኘ ሳይንሳዊ ግኝት የማንም የግል ንብረት አይደለም፤ አዋጁ አይጠብቃቸውም። የኒውተንን ሕግ ማንም ያስተምረዋል። የሚጠበቀው አንድ መምህር ያንን ያብራራበት አገላለጽ፣ ያዘጋጀው ምሳሌ፣ ያቀናበረው ማስታወሻ ነው፤ ሲጽፈው ጀምሮ፣ ሳያስመዘግበው። ከታተመ ሥራ ጠቅሶ መጻፍም ይፈቀዳል፣ ለማስተማሪያ ማባዛትም ይፈቀዳል። ሁለቱም ግን ልክ አላቸው፦ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ የለበትም፣ ምንጩና የጸሐፊው ስምም ሊጠቀስ ይገባል። እንግዲህ አንድን ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ በቻናል መበተን ከዚህ ልክ ውጭ ነው፤ አንድ ምዕራፍ ላይ ተመሥርቶ የራስን መለማመጃ አዘጋጅቶ ምንጩን መጻፍ ከልኩ ውስጥ ነው።

የግሩፕ አድሚን ለሆናችሁ አንድ ልመና አለኝ። ፋይል ስትለጥፉ ከሥሩ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ማን እንዳዘጋጀው፣ እናንተ ምን እንደቀየራችሁ። አዘጋጁን ካላወቃችሁት «ያዘጋጀውን መምህር የምታውቁ ንገሩን፣ ስሙን እንጻፍ» በሉ። ይህን የሚያደርጉ አድሚኖች አሉ፤ እነዚያ ግሩፖች ውስጥ መምህራን ራሳቸው ገብተው ማስታወሻቸውን በፈቃዳቸው ሲሰጡ ታያላችሁ።

ስም መደበቁም ቴሌግራም ላይ ያስፈልጋል። የፈተና መግቢያ ካርዱን በደስታ ፎቶ አንስቶ ግሩፕ ውስጥ የሚለጥፍ ተማሪ ሙሉ ስሙን፣ ፎቶውንና የምዝገባ ቁጥሩን በአንድ ጊዜ ለማያውቃቸው ሺህ ሰዎች አስረክቧል። የጓደኛን ውጤት ስክሪንሾት አድርጎ መላክ ደግሞ የከፋ ነው፤ ውጤቱ የሱ አይደለምና። ቴሌግራም ላይ ከሴቲንግ ገብታችሁ ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ፣ ማንም የማታውቁት ሰው ወደ ግሩፕ እንዳያስገባችሁ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ለታናናሾቻችሁ ዛሬውኑ አሳዩአቸው። በኦንላይን የሚያስተምሩ ተቋማትንም የሚመለከት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ምን መረጃ እንደያዙባችሁ የመጠየቅ፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ እንዲሰረዝ የመጠየቅ መብት ሰጥቷችኋል። የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ትጠይቁኛላችሁ። በአጭሩ፣ እነዚህ መሣሪያዎች ብዙ ጊዜ ከማን እንደተወሰደ የማይናገር መልስ ይሰጣሉ፤ አውቶማቲክ ስም እንኳ የለውም። ተማሪው ሥራው ላይ ምን እንደጠየቀ፣ ከመልሱ የትኛውን እንደወሰደ፣ ራሱ ምን እንደጻፈ ለይቶ ቢያስቀምጥ መምህሩም ያምነዋል፣ እሱም ምን እንደተማረ ያውቃል።

በመጨረሻ ወደ ስክራች ልመልሳችሁና አንድ ተግባራዊ ነገር ላሳያችሁ፤ ኢንተርኔት በማያስተማምንበት የኮምፒውተር ክፍል ለሚያስተምሩ ይጠቅማል። ስክራች ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መተግበሪያ አለው፤ አንዴ አውርዶ መጫን ነው። ልጆቹ የሠሩትን በፍላሽ ይለዋወጣሉ። እዚያ አረንጓዴው የሪሚክስ ቁልፍ የለም፣ ሲስተሙ የሚጽፈው ስም የለም፣ ያቺም ሳጥን የለችም። ፋይሉ ውስጥ ማን እንደሠራው የሚናገር ምንም ነገር የለም፤ ከሁለት ፍላሽ በኋላ ባለቤቱ ይጠፋል።

መፍትሔው ግን ስክራች ውስጥ አለ። ከፍታችሁ በኮዱ መጀመሪያ ቁራጭ ላይ በማውዙ ቀኝ ቁልፍ ስትጫኑ ማስታወሻ ለመጨመር የሚያስችል ምርጫ ይመጣል። እሱን ስትመርጡ ከቁራጩ ጎን ቢጫ ወረቀት ይዘረጋል፤ በአማርኛም ይጻፍበታል። የመጀመሪያው ልጅ የመረጠውን መጠሪያ ይጻፍበት። ፋይሉ የደረሰው ቀጣዩ ልጅ ከሥር ከማን እንደወሰደው፣ የትኛውን ቁራጭ እንደለወጠ፣ ምኑን እንደወደደለት ይጨምር። ቢጫው ወረቀት ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል፤ ፍላሹ የሄደበት ሁሉ ይሄዳል።